በሩ ሲቆለፍ መስኮቱ፦ የሩቅ ኮንሶል አጭር ታሪክ

ቤት ተከራይቶ የማያውቅ የአዲስ አበባ ወጣት ካለ እጁን ያውጣ። ከኪራይ የጀመርነው ወደን አይደለም፤ ዛሬ የምናወራው የኮምፒውተር ጉዳይ ከኪራይ ቤት ጋር ቁርጥ አንድ ስለሆነብን ነው። በዚህ ዘመን የአንድ ድርጅት ድረ ገጽ፣ የደንበኞች መዝገብ ወይም የተማሪዎች ውጤት የሚያድርበት ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ በእጅ የሚዳሰስ ብረት አይደለም። በአንድ ትልቅ ሰርቨር ሆድ ውስጥ በሶፍትዌር የተሠራ ‹ቨርቹዋል ማሽን› ነው። አንዱ ብረት ብዙ ተከራይ ያኖራል፤ እያንዳንዱ ተከራይ ግን ግቢውን ለብቻው የያዘ ይመስለዋል።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ይመጣል። ይህ ማሽን ስክሪን የሚሰካበት ቀዳዳ የለውም፤ ኪቦርድም የለውም። ታዲያ ሲታመም በምን በኩል እናየዋለን?

መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው በር ነው። በማሽኑ ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም በኔትወርክ በኩል ተቀብሎ ያስገባናል፤ በዊንዶውስ አር.ዲ.ፒ.፣ በሊኑክስ ደግሞ ኤስ.ኤስ.ኤች. የሚባሉት ናቸው። ሁለተኛው መስኮት ነው፤ ስሙም ኮንሶል ይባላል። ከማሽኑ ውጭ ያለው የቨርቹዋላይዜሽን ሶፍትዌር ‹ስክሪን ቢኖረው ኖሮ ይታይበት የነበረውን› ሥዕል ይዞ ይልክልናል። ማሽኑ ኔትወርኩ ቢጠፋ፣ ገና እየተነሳ ቢሆን፣ ወይም ሰማያዊ ስክሪን ለብሶ ቢቀር በሩ አይከፈትም፤ በመስኮቱ ግን ይታያል። በሩ የተከራዩ ነው። መስኮቱ ያለው በአከራዩ እጅ ነው። ይህችን ልዩነት ያዙልን፤ ታሪኩ በሙሉ በእሷ ላይ ይሽከረከራል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ከምናስበው በላይ ያረጀ ነው። በኖቬምበር 1961 በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ ብዙ ሰው አንድን ኮምፒውተር በየተርሚናሉ ተቀምጦ በአንድ ጊዜ የሚጠቀምበትን ሲ.ቲ.ኤስ.ኤስ. የተባለ ሥርዓት አሳዩ። በ1972 ደግሞ አይ.ቢ.ኤም. ቪ.ኤም./370ን ይፋ አደረገ፤ እያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ ቨርቹዋል ማሽን ተሰጠው። ልብ በሉ፤ ተጠቃሚው የተቀመጠበት ተርሚናል የዚያ ማሽን የኦፕሬተር ኮንሶል ሆኖ ይሠራ ነበር። ማለትም መስኮቱ ከቤቱ ጋር አብሮ ነው የተወለደው።

በርቀት የመግባት ምኞትም እንዲሁ የኢንተርኔት የበኩር ልጅ ነው። ኦክቶበር 29 ቀን 1969 በአርፓኔት የተላከው የመጀመሪያ መልእክት ሰላምታ አልነበረም። ከሎስ አንጀለሱ ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም ኮምፒውተር ለመግባት ‹ሎግኢን› የሚለውን ትእዛዝ መጻፍ ነበር። ሁለት ፊደል እንደሄደ ወዲያ ማዶ ያለው ሥርዓት ወደቀ። ከሰዓት ያህል በኋላ ተሳካ። የሩቅ ማሽን ‹አልገባም› ማለትን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቅበታል ማለት ነው።

ያኔ የሚላከው ጽሑፍ ብቻ ነበር። ሥዕል መላክ ሌላ ጣጣ ነው። ለዚህ ወደ እንግሊዟ ኬምብሪጅ እንሻገር። በ1991 የዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ደረጃ ወርደው ባዶ የቡና ማፍያ ማግኘት ሰለቻቸውና ካሜራ ደቀኑበት፤ የማፍያው ምስል በየስክሪናቸው ይታይ ጀመር። (ቡናውን ለዓለም የሰጠን እኛ፣ በካሜራ የጠበቁት እነሱ!) ምስሉን የሚያሳየውን ፕሮግራም የጻፈው ክዌንቲን ስታፎርድ ፍሬዘር ነበር። ይኸው ሰው በዚያችው ከተማ በኦሊቬቲ የምርምር ላቦራቶሪ ከትሪስታን ሪቻርድሰን፣ ከኬኔት ዉድና ከአንዲ ሆፐር ጋር ሆኖ በ1998 ቪ.ኤን.ሲ.ን ለዓለም አስተዋወቀ።

የቪ.ኤን.ሲ. ብልሃት በቀላልነቱ ነው። ማሽኑ ምን ፕሮግራም እያሠራ እንደሆነ አይጠይቅም። የሚለው አንድ ነገር ነው፦ ‹እዚህ ቦታ ላይ ይህን አራት ማዕዘን ሥዕል አስቀምጥ።› የተለወጠውን የስክሪን ክፍል ብቻ ይልካል፤ ከወዲህ ደግሞ የኪቦርድና የማውስ ምቱን ይቀበላል። መስመሩ ተቋርጦ ከሌላ ቦታ ብትገቡ የጀመራችሁት ሥራ እንዳለ ይጠብቃችኋል። በነፃም ስለተለቀቀ በየአገሩ ተበተነ። ላቦራቶሪው በ1999 ወደ ኤ.ቲ.ኤንድ.ቲ. ተዛወረ፤ በ2002 ተዘጋ። ሠሪዎቹም በዚያው ዓመት ሪል ቪ.ኤን.ሲ. የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ። ቤቱ ፈረሰ፤ ፕሮቶኮሉ ግን ኖረ።

በሌላ በኩል ከአይ.ቢ.ኤም. የወጣው ኤድ ያኮቡቺ በ1989 ሲትሪክስን አቋቁሞ ነበር። በ1995 ዊንፍሬም በተባለው ምርቱ ብዙ ሰው አንድን ዊንዶውስ ከሩቅ እንዲጠቀም አደረገ። ማይክሮሶፍትም በ1998 በዊንዶውስ ኤን.ቲ. 4.0 ተርሚናል ሰርቨር አር.ዲ.ፒ.ን ይዞ መጣ። ይህ ግን በር ነው፤ የሚሠራው ዊንዶውሱ ተነስቶ በጤናው ሲቆም ነው።

ከዚያ የቨርቹዋል ማሽን ዘመን ተመልሶ መጣ። ቪ.ኤም.ዌር በ1999 ወርክስቴሽንን አወጣ፤ በ2003 ኪውኢሙ እና የኬምብሪጅ ልጅ የሆነው ዜን ተከተሉ። ስክሪን ለሌለው ማሽን ስክሪን ማዋስ ግድ ሆነ፤ ለዚህም የቪ.ኤን.ሲ. ቋንቋ ተስማሚ ሆኖ ተገኘ፤ ምክንያቱም ሥዕል ብቻ እንጂ ሌላ አይጠይቅም። ኩምራኔት የተባለው የእስራኤል ኩባንያ ድምፅና ቪዲዮን በተሻለ የሚያደርስ ስፓይስ የተባለ ፕሮቶኮል ሠራ። ሬድ ሃት በ2008 ኩባንያውን ገዝቶ በ2009 የፕሮቶኮሉን ኮድ ለሁሉም ክፍት አደረገው።

የቀረው ይህን ሁሉ ወደ ብራውዘር ማምጣት ነበር። መጀመሪያ የተሠራበት የጃቫ አፕሌት ነው። በየኢንተርኔት ካፌው ‹ጃቫ ይጫን› የሚል ማሳሰቢያ ሲመጣ ‹እሺ› እያለ ያለፈ ትውልድ ያስታውሰዋል። ኋላ ብራውዘሮቹ እነዚህን ተጨማሪዎች በደኅንነት ምክንያት ማስወጣት ጀመሩ፤ ክሮም በ2015 በሩን ጨርሶ ዘጋባቸው። ደግነቱ ምትኩ ቀድሞ ደርሶ ነበር። በ2010 ጆኤል ማርቲን ኖ ቪ.ኤን.ሲ.ን አቀረበ፤ ምንም ሳይጫን በብራውዘሩ ውስጥ ሥዕሉን የሚስል ማለት ነው። ብራውዘር እንደልቡ ከሰርቨር ጋር ቀጥታ መስመር መዘርጋት ስለማይፈቀድለት ዌብሶኬት የተባለውን መንገድ ይጠቀማል፤ መሐል ላይም አንድ አስተርጓሚ ፕሮግራም ይቆማል። ዌብሶኬት በዲሴምበር 2011 ደንብ ሆኖ ጸደቀ። ኦፕን ስታክም ፕሮክስሞክስም ኖ ቪ.ኤን.ሲ.ን በፖርታላቸው ውስጥ አስገቡት። ጓካሞሌ የተባለው ደግሞ በሩንም መስኮቱንም፣ አር.ዲ.ፒ.ንም ቪ.ኤን.ሲ.ንም፣ በአንድ ድረ ገጽ ያቀርባል።

ታዲያ ሁሉም አከራይ መስኮት ሰጠ ወይ? አልሰጠም። አማዞን ቨርቹዋል ማሽን ማከራየት የጀመረው በ2006 ነው፤ ተከራዩ እጁን አስገብቶ የሚጽፍበትን ሲሪያል ኮንሶል ያገኘው ግን በ2021 ነው። እሱም ጽሑፍ ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ ማየት እንጂ መንካት አልነበረም።

የዚህ ዋጋ ምን እንደሆነ ጁላይ 19 ቀን 2024 ታየ። ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያ አንድ የተበላሸ ማሻሻያ በተነ፤ እንደ ማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖች ወደቁ። አውሮፕላን ቆመ፤ ሆስፒታል ተቸገረ። ማሽኖቹ ስለማይነሱ አር.ዲ.ፒ. አይሠራም። መፍትሔው አንዲት ፋይል ማጥፋት ነበር፤ ግን በየት በኩል ተገብቶ? ኮንሶል ያለው በመስኮቱ ገብቶ አጠፋ። የሌለው ዲስኩን ከታመመው ማሽን ነቅሎ ከጤነኛ ማሽን ጋር እያያዘ፣ አንድ በአንድ፣ ቀንና ሌሊት ደከመ።

መስኮት ግን ሌባም ያስገባል። በኮንሶል የገባ ሰው ማሽኑ ፊት ኪቦርድ ይዞ እንደተቀመጠ ይቆጠራል፤ የፖርታሉ የይለፍ ቃል የወጣበት ሰው ቁልፉን ከነቤቱ አስረከበ ማለት ነው። በሩም ቢሆን ከዚህ አይሻልም፤ በሜይ 2019 ብሉኪፕ የተባለው የአር.ዲ.ፒ. ቀዳዳ ሲታወቅ ማይክሮሶፍት ድጋፍ ላቆመለት ለዊንዶውስ ኤክስፒ ሳይቀር መጠገኛ ለማውጣት ተገዷል።

እንግዲህ ነገ ድርጅታችሁ ማሽን ሊከራይ ሲል ከዋጋው በፊት ጠይቁ። ኮንሶል አለው? ሥዕል ያሳያል ወይስ ጽሑፍ ብቻ? ያያል ወይስ ይነካል? ማን ገብቶ እንደወጣ ይመዘግባል?

ለእኛ ደግሞ አምስተኛ ጥያቄ አለብን። ከጁን 30 ቀን 2020 ጀምሮ በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ ነበር። በእነዚያ ቀናት ባሕር ማዶ የተከራዩት ማሽን በጤናው ይሠራል፤ በሩም መስኮቱም ደህና ነው። መንገዱ ነው የሌለው። ማሽንን ሩቅ ማኖር ቀላል ሆኗል፤ ስክሪኑም ብራውዘር ውስጥ ገብቷል። ‹መንገዱ ሲዘጋ እዚያ ያለውን የእኔን ነገር ማን ይነካልኛል?› የሚለውን ግን ፖርታሉ አይመልስልንም፤ ቀድመን እኛው መመለስ አለብን።