ሙልሙል፦ የደብረ ታቦር ዳቦ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ነሐሴ 12 ቀን ሲመሽ በእኛ ቤት ቡሃቃው ምድጃ ዳር ይቀመጥ ነበር። ክረምቱ ስለሚበርድ ሊጡ ኩፍ እንዲል ሙቀት ያሻዋል። እናቴ ሊጡን እየቆረሰች፣ በመዳፏ እያድቦለቦለች ሞላላ ታደርገውና በጋለው ምጣድ ላይ ትደረድረዋለች። የመጀመሪያው ዳቦ ለቤቱ ልጆች አይደለም፤ ደጅ ላይ ለሚጨፍሩት ነው። ይህ ዳቦ ሙልሙል ይባላል።

ውድ አንባብያን፣ የሙልሙል ታሪክ ከየት ይጀምራል? ወንጌላዊው ማቴዎስ በምዕራፍ 17 ጌታችን ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ወደ ረጅም ተራራ እንደ ወጣ፣ ፊቱም እንደ ፀሐይ እንደ በራ ይነግረናል። የተራራውን ስም አይጠቅስም፤ ታቦር መሆኑን የተቀበልነው ከአበው ትውፊት ነው። ቅዱስ ሉቃስ ደግሞ ሐዋርያቱ እንቅልፍ ከብዷቸው እንደ ነበርና ከተራራው የወረዱት በማግሥቱ እንደ ሆነ ስለሚጽፍ (9፥32 እና 37)፣ ነገሩ በሌሊት እንደ ተፈጸመ ብዙዎች ይረዳሉ። ስለ እረኞች ግን በወንጌል አልተጻፈም። በአካባቢው የነበሩ እረኞች ከብርሃኑ የተነሣ ሌሊቱ ቀን መስሏቸው በሜዳ እንደ ቆዩ፣ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው እንደ ፈለጓቸው የሚተርከው በቃል የወረስነው ትውፊት ነው። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ትውፊቱን አያሳንሰውም፤ በየዓመቱ በችቦና በዳቦ በየደጁ የሚተረከው ይኸው ነውና።

ቡሄ የሚለውን ስም አንዳንዶች ብራና ገላጣ ከሚል ፍቺ፣ ሌሎች ደግሞ ከቡሖ፣ ማለትም ከሊጡ ያመጡታል። እኔ ቡሃቃውን ሳስታውስ ሁለተኛው ይቀርበኛል፤ የልጅነት አድልዎ ሊሆን ይችላል።

በዓሉ ከነሐሴ 1 እስከ 15 በሚጾመው ጾመ ፍልሰታ ውስጥ ስለሚውል ሙልሙል የጾም ዳቦ ነው። ቅቤም ወተትም እንቁላልም አይገባበትም። ወቅቱንም ልብ እንበል። ግሪኮች በዚህ በዓል ወይን፣ ሩሲያውያን ፖም ያስባርካሉ፤ የደረሰላቸውን ፍሬ ማለት ነው። በእኛ ደጋ ግን በነሐሴ ማሳው ገና አረንጓዴ ነው፤ የመኸሩ እህል የሚሰበሰበው ከወራት በኋላ ነው። ጎተራው በሚጎድልበት ጊዜ ለሰው ልጅ ዳቦ መጋገር ለገበሬው ቤት ቀላል ስጦታ አልነበረም። የክርስትና አባትና እናትም ለክርስትና ልጃቸው ሙልሙል የሚሰጡት በዚሁ ወቅት ነው። የአብነት ተማሪዎች ደግሞ ከየመንደሩ እህል ለምነው፣ ዳቦ ጋግረው፣ ጠላ ጠምቀው፣ ሐዋርያት ከጌታቸው ጋር በተራራው እንደ ነበሩ እነርሱም ከመምህራቸው ጋር ያከብሩታል።

አምና ከዩኒቨርሲቲ ለክረምት ወደ ቤት ተመልሼ ሳለ የሰፈሩ ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ መጡ። ብር ሰጠኋቸው። ከሁሉ የሚያንሰው ልጅ ግን አልሄደም፤ "ዳቦስ?" አለኝ። እናቴ ታማ ስለ ነበር በዚያ ሌሊት ማንም አልጋገረም። እኔም የምመልስለት አጣሁ።

ዘንድሮ ቡሃቃውን ከቆጡ ላይ አውርጄ አጥቤዋለሁ። እናቴ ወንበሯ ላይ ሆና የእርሾውን ልክ ትነግረኛለች፤ ሊጡን የማቦካው እኔ ነኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።