ደሞዝና ደዌ በአንድ ወረቀት

እ.ኤ.አ. በ1893 ጸደይ አራት የመንግሥት መዝጋቢዎች ቅጻቸውን ይዘው በቺካጎ ከተማ በር ማንኳኳት ጀመሩ። የተሰጣቸው ሰፈር ከሃልስቴድ እስከ ስቴት፣ ከፖልክ እስከ 12ኛ ጎዳና ድረስ ያለው ነው፤ ስፋቱ የአንድ ካሬ ማይል ሲሶ ያህል ቢሆን ነው። በዚያች ቁራሽ መሬት ላይ የ18 አገር ሰው ተፋፍጎ ይኖር ነበር፤ ጣሊያኑ፣ ቦሄሚያዊው፣ አየርላንዳዊው፣ ከሩሲያ የተሰደደው አይሁድ። መዝጋቢዎቹ አከራዩን ጠይቀው ወይም የጎረቤት ወሬ ሰምተው የሚመለሱ አልነበሩም። ግቢውን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዷን ክፍል እየገቡ ያያሉ፤ ስንት ነፍስ እንዳለ፣ ከየት እንደመጣ፣ ማን ምን እንደሚሠራና በሳምንት ስንት እንደሚያገኝ ይጽፋሉ።

ጥናቱን ያዘዘው በዋሽንግተን ያለው የፌዴራሉ የሥራ ኮሚሽነር ካሮል ራይት ነው። ነገር ግን ቅጾቹ ወደ ዋሽንግተን ከመላካቸው በፊት ጄን አዳምስና ኤለን ጌትስ ስታር በ1889 በሃልስቴድ ጎዳና ላይ ወደከፈቱት ሀል ሃውስ ይገቡ ነበር። ሀል ሃውስ የተማሩ ሴቶች በድሆች መካከል ለመኖር ብለው የገቡበት ትልቅ ቤት ነው። ነዋሪዎቹ ቁጭ ብለው እያንዳንዱን ቅጽ ይገለብጣሉ፤ የገለበጡትንም በሰፈሩ ካርታ ላይ በቀለም ያሰፍሩታል። የቤተሰቡ የሳምንት ገቢ ከ5 ዶላር የማያልፍ ከሆነ ቤቱ ጥቁር ይቀባል። ከ5 እስከ 10 ዶላር ሰማያዊ፣ ከዚያ ቀይ፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ከ20 ዶላር በላይ ቢጫ ነው። በ1895 ካርታው በመጽሐፍ መልክ ታትሞ ሲወጣ የሰፈሩ ሰው ጎንበስ ብሎ የራሱን ቤት ፈልጎ ሊያገኘው ይችል ነበር።

በቺካጎ ይህን ሥራ የመራችው ፍሎረንስ ኬሊ ናት። የኮንግረስ አባል ልጅ ናት፤ ዙሪክ ድረስ ሄዳ ተምራለች፤ ኤንግልስ ስለ እንግሊዝ ሠራተኞች ኑሮ የጻፈውን መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰችውም እሷ ናት። በ1891 መጨረሻ ከሚደበድባት ባሏ ሸሽታ ሦስት ልጆቿን ይዛ ሀል ሃውስ ደጃፍ ስትደርስ ግን እጇ ላይ የነበራት ዕውቀቷ ብቻ ነበር። ሥራ ለማግኘት ብዙም አልቆየችም። በ1892 የኢሊኖይ ክፍለ ግዛት የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ የልብስ ስፌትን ሥራ እንድታጠና ቀጠራት።

ያን ጊዜ በቺካጎ ልብስ የሚሰፋው በአብዛኛው ፋብሪካ ውስጥ አልነበረም። ትልልቆቹ ነጋዴዎች ጨርቁን ቆርጠው ለተቋራጭ ይሰጣሉ፤ ተቋራጩ ደግሞ ለየቤቱ ያከፋፍላል። እናት በምትተኛበት፣ ወጥ በሚሠራበት፣ ሕፃን በሚያለቅስበት ክፍል ውስጥ ኮት ይሰፋል፣ ቁልፍ ይተከላል። ክፍያው በቁራጭ ነው። ተቋራጩ ከነጋዴው የሚያገኘው በቀነሰ ቁጥር የሰፊው ድርሻ ይቀንሳል፤ ስለዚህ የስድስትና የሰባት ዓመት ልጅም ይቀመጥና ክር ይለቅማል። ነጋዴው ቢጠየቅ «እኔ ሠራተኛ የለኝም» ማለት ይችላል፤ ደግሞም በወረቀት ላይ እውነቱን ነው። ይህን አሠራር ማየት የሚቻለው ደረጃ ወጥቶ፣ በር አንኳክቶ፣ ውስጥ ገብቶ ብቻ ነበር።

ኬሊ ያየችውን ጽፋ ዝም አላለችም። ጉዳዩን ለማጣራት የመጡትን የክፍለ ግዛቱን የምክር ቤት አባላት የሀል ሃውስ ሴቶች በዚያው ደረጃ እየመሩ አወጧቸው። በ1893 ክረምት ሕግ ወጣ፦ ከ14 ዓመት በታች ያለ ልጅ በፋብሪካ እንዳይሠራ፣ ሴቶች በቀን ከ8 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ፣ በየመኖሪያ ቤቱ የሚካሄደው ስፌትም በቁጥጥር ሥር እንዲውል። አገረ ገዢው ጆን ፒተር አልትጌልድ የመጀመሪያዋ ዋና የፋብሪካ ተቆጣጣሪ አድርጎ የሾመው ኬሊን ነው። እሷን ጨምሮ 12 ሰዎች ነበሩ። ለአንድ ክፍለ ግዛት 12 ሰው!

ፈተናው የመጣው በ1894 ነው። በቺካጎ ፈንጣጣ ተዛመተ። የኬሊ ተቆጣጣሪዎች በሥራቸው ምክንያት በየስፌት ቤቱ ስለሚዞሩ፣ በሽተኛ በተኛበት ክፍል ኮትና ካባ ሲሰፋ አገኙ። ልብሱ ከዚያ ወጥቶ ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ቤተሰቦቹ በሽተኛውን ይደብቃሉ፤ መደበቃቸውም አያስደንቅም። በሽታው ከታወቀ ልጁ ከቤት ተወስዶ ወደ ማግለያ ሆስፒታል ይገባል፣ የተሰፋው ልብስ ይቃጠላል፣ ደሞዝ ይቀራል። በጭካኔ ያደረጉት አድርጎ የሚጽፍ ካለ የቤት ኪራይ ከፍሎ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። ኬሊ ከከተማው የጤና ባለሥልጣናት ጋር በአደባባይ ተጋጨች፤ በሐምሌ ወር ስለ ፈንጣጣና ስለ ስፌት ቤቶች ልዩ ሪፖርት አሳተመች።

የእነዚህ ሴቶች ሥራ ከሌላው የዘመኑ በጎ አድራጎት የሚለየው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የጤና ቢሮው በሽታ ይመዘግባል፤ የሥራ ቢሮው ደሞዝ ይመዘግባል፤ ሁለቱ አይገናኙም። ደጃፍ ላይ የቆመች ሴት ግን የኮቱን ዋጋና የልጁን ትኩሳት በአንድ ጊዜ ታያለች፤ ሁለቱንም በአንድ ወረቀት ላይ ትጽፋለች።

የ1893ቱ ሕግ ሙሉ ሆኖ ብዙ አልቆየም። በ1895 የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የ8 ሰዓቱን አንቀጽ ሻረው፤ ሴት የፈለገችውን ያህል ሰዓት ለመሥራት የመዋዋል ነፃነቷ ተነካ ብሎ ነው። ኮት ሰፊዋ ይህን ነፃነቷን በየትኛው ቀን እንደተጠቀመችበት ዳኞቹ አልጻፉም። በ1897 ኬሊ ከሥራዋ ተነሣች፤ ኋላም ኒው ዮርክ ገብታ ብሔራዊውን የሸማቾች ሊግ መራች።

እሷ በተነሣችበት ዓመት ሀል ሃውስ ሌላ ሴት ገባች፤ ሐኪሟ አሊስ ሃሚልተን። በ1902 በሀል ሃውስ ዙሪያ ታይፎይድ ተነሣ። ሰፈሩ የሚገኝበት 19ኛው ቀጠና ከከተማው ሕዝብ አንድ ሠላሳ ስድስተኛው ብቻ ሲኖርበት፣ በበሽታው ከሞቱት ግን አንድ ስድስተኛው የዚያ ቀጠና ሰው ነበር። ሃሚልተንና ሁለት ባልደረቦቿ፣ ሞድ ገርነንና ገርትሩድ ሃው፣ ሰፈሩን ቤት ለቤት ዞሩት። ሽንት ቤቱን፣ ቧንቧውን፣ ወጥ ቤቱን አዩ፤ ሕጉ ከሚያዘው ጋር ሲያስተያዩት ብዙው ቤት ጎዶሎ ነው። ሃሚልተን ከየሽንት ቤቱና ከየወጥ ቤቱ ዝንብ እየያዘች በብልቃጥ ከተተች፤ ስትመረምርም በአንዳንዱ ላይ የታይፎይድ ባክቴሪያ አገኘች። ጥናቷ በ1903 በሕክምና መጽሔት ታትሞ ስሟን አስጠራ። የከተማው ጤና ቢሮ ተወቀሰ፣ ተመረመረ፣ እንደገና ተደራጀ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ያምር ነበር። ግን እውነተኛው ምክንያት ዝንቡ አልነበረም። ወረርሽኙ ከመነሣቱ በፊት በውሃ ማሰራጫ ጣቢያው ብልሽት ደርሶ ለሦስት ቀን የፍሳሽ ቆሻሻ ወደ ሰፈሩ የመጠጥ ውሃ ቧንቧ ሲገባ ቆይቶ ኖሯል፤ ቢሮውም ያውቃል፣ ደብቆታል። ሃሚልተን ይህን በ1943 ባሳተመችው ግለ ታሪኳ ራሷ ጽፋዋለች፤ ዝንቡ ያመጣላት ዝና ግን እሷ ብታስተባብልም አልለቅ ብሏት ነበር። እኔ ከሁሉ የማደንቀው ይህን ገጽ ነው። ደጅ ያንኳኳ ሰው የሚያየው ደጁ ውስጥ ያለውን ነው፤ በመንገዱ ሥር የተቀበረው ቧንቧና በቢሮ መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈው ወረቀት አይታየውም። ድሃው በሩን ከፍቶ ሽንት ቤቱን ሲያሳይ፣ በሩን የዘጋው መሥሪያ ቤቱ ነበር።

ሃሚልተን ትምህርቱን የወሰደች ይመስላል። በ1910 በሥራ ምክንያት የሚመጡ በሽታዎችን የሚያጠናው የኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ኮሚሽን የጥናቱን ሥራ ያስያዘው እሷን ነው፤ እሷም እርሳስ የሚባለውን ማዕድን ያዘች። የፋብሪካ ባለቤቶች «እርሳስ የሚመርዘው የአውሮፓን ሠራተኛ ነው፣ የእኛው እጁን ይታጠባል» ባዮች ነበሩ። ሃሚልተን የፋብሪካውን ወሬ ብቻ አልሰማችም። የሆስፒታል መዝገብ አገላበጠች፣ ፋርማሲስቱን፣ ቄሱን፣ የመጠጥ ቤቱን ሰው ጠየቀች፣ ከዚያም የሠራተኞቹን ቤት አንኳኳች።

አንዱ ታሪክ እንዲህ ነው። ሆስፒታል ውስጥ አንድ ፖላንዳዊ አገኘች፤ ሆዱን ቁርጠት ይዞታል፣ ሁለቱም እጆቹ ከአንጓቸው ዝለው ተንጠልጥለዋል። ሥራው የገላ መታጠቢያ ገንዳ መቀባት ነው። ፋብሪካው ሄዳ ብታይ እርሳስ የሚባል ነገር የለም፤ ሠራተኞቹ ቀለም ይቀባሉ፣ በቃ። ግራ ገብቷት ወደ ሰውየው ተመልሳ ስትጠይቀው ያሳዩዋት የመጨረሻውን ማሳመሪያ ክፍል ብቻ መሆኑን ነገራት። ዋናው ሥራ የሚሠራው ሌላ ቦታ ነው። ሄዳ አየችው፦ የብረት ገንዳው እንደ ፍም ቀልቶ ከእቶን ይወጣል፤ ሠራተኛው ፊቱን ከወላፈኑ እየሸሸ በረጅም እጀታ ወንፊት የኢናሜል ዱቄት ይነሰንስበታል። ዱቄቱ እርሳስ አለበት። ብናኙ አየሩን ይሞላዋል፣ ሰውየው ደግሞ ከሙቀቱ የተነሣ በአፉ ነው የሚተነፍሰው። ጌቶች እጃቸውን ዘርግተው ለሚተኙበት ነጭ ገንዳ እጅ የሚከፈልበት እዚህ ነበር።

ጥናቱ ሲጠናቀቅ እርሳስ የሚነካካባቸው 77 ዓይነት ሥራዎችና 578 የተመረዙ ሰዎች ተመዝግበው ነበር። በ1911 ኢሊኖይ ሕግ አወጣ፤ አደገኛ ሥራ ላይ ያለ ሠራተኛ መከላከያ እንዲደረግለትና በየወሩ ሐኪም እንዲያየው አዘዘ።

የሀል ሃውስዋ ጁሊያ ላትሮፕ ደግሞ ይህንኑ አሠራር ወደ ፌዴራል መንግሥት ወሰደችው። በ1912 ፕሬዚዳንት ታፍት አዲሱን የሕፃናት ቢሮ እንድትመራ ሾማት፤ ከፌዴራል ቢሮዎች አንዱን የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። የተሰጣት በጀት 25,640 ዶላርና 15 ሠራተኛ ነው። በዚህ ገንዘብ ሆስፒታል አይሠራም፤ መጠየቅ ግን ይቻላል። የመረጠችው የብረት ፋብሪካ ከተማ የሆነችውን ጆንስታውንን፣ ፔንሲልቫኒያን ነው። በ1913 የቢሮዋ ሴቶች በ1911 የተወለዱትን ሕፃናት እናቶች በየቤታቸው እየሄዱ አነጋገሩ። ልጁ ዓመቱን ደፈነ ወይስ ሞተ? ውሃው ቤት ውስጥ ነው ወይስ ደጅ? አባትየው በዓመት ስንት ያገኛል?

የመጨረሻዋ ጥያቄ ሌላ ነገር አሳየች። እስከዚያ ድረስ የሕፃናት ሞት የእናቶች ድንቁርና ያመጣው ነው ይባል ነበር። በጆንስታውን ከ1,000 ሕፃናት 134ቱ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ሞተዋል። አባታቸው በዓመት ከ521 ዶላር በታች የሚያገኙት ግን ከ1,000 ወደ 256 የሚጠጉት ሞቱ፤ 1,200 ዶላርና ከዚያ በላይ የሚያገኝ አባት ካላቸው 84። በአንዱ ቀጠና 271፣ በሌላው 50። ድንቁርና ደሞዝ እየቆጠረ የሚሄድ አይመስለኝም።

ከዚህ በኋላ የመጣው የ1921ዱ የሼፐርድና ታውነር ሕግ ነው፤ ለእናቶችና ለሕፃናት ጤና የፌዴራል ገንዘብ የመደበ የመጀመሪያው። በዚህ ሕግ ነርሶች ከ3 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ቤት ለቤት ጎበኙ። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ሶሻሊዝም ነው ብሎ ተቃወመው፤ ኮንግረስም በ1929 ገንዘቡን አቋረጠ። ኬሊ በ1932 አረፈች፤ ላትሮፕም በዚያው ዓመት።

ሃሚልተን ከሁሉም በላይ ኖረች። በ1919 የሃርቫርድ የመጀመሪያዋ ሴት መምህርት ስትሆን ዩኒቨርሲቲው የምረቃ ሰልፍ ላይ እንዳትገኝና የመምህራኑ ክበብ እንዳትገባ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጦ ነበር፤ እሷም ተቀብላ ሥራዋን ቀጠለች። በመስከረም 1970 በ101 ዓመቷ አረፈች። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ሕግ፣ ተቆጣጣሪን በመላ አገሪቱ ወደ ፋብሪካ በር የሚልከው፣ የተፈረመው ከሦስት ወር በኋላ በታኅሣሥ 29 ቀን ነው።