ዘይላዕ፦ የሀበሻ ሙስሊሞች ስም የሆነች የበረሃ ወደብ

ዘይላዕ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ፣ ከጅቡቲ ድንበር ብዙም ሳትርቅ፣ በዛሬዋ ሶማሌላንድ የምትገኝ ጥንታዊ ወደብ ናት። ዙሪያዋ ጨዋማ በረሃ ነው። የሚጠጣ ውሃ እንኳ ከከተማዋ ውጭ ካሉ ጉድጓዶች ይቀዳላት ነበር።

ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ ባስተማርንባቸው ዓመታት ተማሪዎቻችን የኢትዮጵያን ኢስላም ታሪክ ሲናገሩ ከነጃሺ ተነስተው በቀጥታ ኢማም አሕመድ ላይ ያርፉ ነበር። በመካከል ያለው ዘጠኝ መቶ ዓመት ባዶ ነው የሚመስላቸው። ዘይላዕ ያለችው ግን እዚያው «ባዶ» የተባለው ዘመን ውስጥ ነው።

የደማስቆው ጸሐፊ አል-ዑመሪ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሰባት የሀበሻ ሙስሊም ግዛቶችን ይዘረዝራል፦ ኢፋት፣ ደዋሮ፣ ዐረባብኒ፣ ሐድያ፣ ሸርኻ፣ ባሌና ዳራ። እነዚህ ሁሉ በግብፅና በሻም በጥቅሉ «የዘይላዕ አገር» ይባሉ እንደነበር ጽፏል። ዘይላዕ ከባሕር ዳር ቦታዎቻቸው አንዷ ብቻ ብትሆንም፣ ስሟ ለሁሉም ተረፈ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከደጋ የሚወርደው ነጋዴ፣ ሐጅ የሚሄደውም ሆነ ዒልም ፈላጊው ወደ ዐረብ አገር የሚሻገረው በእርሷ በኩል ነበር። በዚሁ መንገድ ባሪያም ይሸጥ እንደነበር መሸፋፈን አይገባም።

ከተማዋ ውብ ነበረች አንልም። በ1331 (እ.ኤ.አ.) የደረሰው ኢብን በጡጣ የዓሣውና በየመንገዱ የሚታረደው ግመል ሽታ ቢያስመርረው፣ ባሕሩ እየተናወጠ ሳለ መርከብ ላይ ማደሩን መርጧል።

ከዚህች ወደብ ስም ጋር የተያያዙት ዓሊሞች ግን ዛሬም ይነበባሉ። ኢማም ፈኽሩዲን ዑስማን ቢን ዐሊይ አዝ-ዘይላዒ (743 ዓ.ሂ. ያረፉ) ካይሮ ገብተው «ተብዪኑል ሐቃኢቅ» የተሰኘውን የሐነፊ ፊቅህ ሸርሕ ጻፉ። ተማሪያቸው ጀማሉዲን ዐብደላህ ቢን ዩሱፍ አዝ-ዘይላዒ (762 ዓ.ሂ.) ደግሞ «ነስቡ-ር-ራያ»ን አዘጋጁ፤ «አል-ሂዳያ» ውስጥ ያሉትን ሐዲሶች ከነምንጫቸው ያወጡበት ኪታብ ነው። ኢብን ሐጀር አል-ዐስቀላኒ ራሳቸው አሳጥረውታል። ሀበሻ ከውጭ ዒልም ተቀባይ ብቻ ነበረች ለሚሉ ወገኖች ከዚህ የተሻለ መልስ የለንም። በአዝሀር የጀበርት ተማሪዎች የራሳቸው ሪዋቅ ነበራቸው፤ የግብፁ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲም ሪዋቁን ሲመሩ ከኖሩ ቤተሰብ ነው።

በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሱልጣን ሰዕዱዲን ከደጋው ንጉሥ ጦር ሸሽተው ዘይላዕ አጠገብ ባለች ደሴት ተገደሉ፤ ደሴቶቹ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራሉ። ልጆቻቸው የመን ተሰደው ቆይተው በመመለስ የዐደልን መንግሥት አቆሙ።

በ1517 ፖርቱጋሎች ወደቧን አቃጠሉ። ከዚያም በኋላ ለረጅም ዘመን የሐረር ንግድ መውጫ ሆና ቆየች። የጨረሳት ባቡር ነው፦ ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ ጭነቱ ሁሉ ወደዚያ ዞረ። ሁለት ሚሕራብ ያለው የመስጂደል ቂብለተይን ፍርስራሽ ግን አሁንም አለ።