ጠመንጃ ያዥና ገንዘብ ያዥ

በየማታው፣ ባንኩ በሩን ከዘጋ በኋላ፣ አንድ ትዕይንት ይደገማል። የቀኑ ዘብ ለሌሊቱ ዘብ ጠመንጃውን ያስረክባል። ከማስረከቡ በፊት ግን ጥይቶቹን አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ ተረካቢውም ደግሞ ይቆጥራል፤ ከዚያ ሁለቱም በመዝገብ ላይ ይፈርማሉ። በዚያው ሰዓት እኔና አንድ የሥራ ባልደረባዬ የዕለቱን ገንዘብ ቆጥረን ወደ ካዝና እናስገባለን። የካዝናው ቁልፍ ሁለት ነው፤ አንዱ በእኔ ዘንድ፣ ሌላው በእርሱ ዘንድ ይቀመጣል፤ አንዳችን ያለ ሌላው ልንከፍተው አንችልም። አማርኛችን የገንዘቡንም ማስቀመጫ፣ የጥይቱንም ማጉረሻ «ካዝና» ብሎ መጥራቱ ለረጅም ጊዜ ትዝ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ትዝ ያሰኙኝ አጎቴ ናቸው። ከገጠር መጥተው ቤቴ ባደሩበት ሌሊት፣ ከራት በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ደመወዝተኛ ነህ። አንድ ክላሽ መግዛት እንዴት ያቅትሃል? ነገር በመጣ ጊዜ ልጆችህን በምን ልትጠብቅ ነው? በብዕርህ?» አሉኝ። «እስቲ ላስብበት አጎቴ» አልኳቸው። «ማሰብ ጊዜ ላለው ሰው ነው» ብለው ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኙ። ውድ አንባቢያን፣ ይህች አጭር መጣጥፍ የዚያ ሌሊት ማሰብ ውጤት ናት።

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በቦርከና ወንዝና በጨፋ ሜዳ አጠገብ የምትገኝ፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። እሑድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ ገበያ የወጣ ሰው ኦሮሞውን፣ አማራውን፣ አርጎባውንና አፋሩን በአንድ ሜዳ ላይ ያገኛል፤ እህሉ ከደጋ ይወርዳል፣ ግመሉ ከቆላ ይወጣል። ዛሬ በሁለት ዞን ተከፍለው የሚገኙት ጅሌ ጥሙጋና ኤፍራታና ግድም በአንድ ወቅት «ኤፍራታና ጅሌ» በሚል የአንድ ወረዳ ስም ይጠሩ ነበር። ድንበሩ ከመሰመሩ በፊት ጉርብትናው ነበረ ማለት ነው።

ጠመንጃስ ወደዚህ ምድር እንዴት መጣ? ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ፣ በግመል ጀርባ ተጭኖ ነው። ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች የሚገርመው፣ ከጫኞቹ አንዱ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ መሆኑ ነው። ግጥም ከተወ ከዓመታት በኋላ፣ በ1879 ዓ.ም ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ አስጭኖ ከታጁራ ተነሣ፤ የአፋርን በረሃ ለወራት አቋርጦ ሸዋ ገባና ለንጉሥ ምኒልክ ሸጠ። ሆኖም የሟች ሸሪኩ አበዳሪዎች ከበቡት፤ ቅኔውን ጥሎ ነፍጥ የጫነው ሰው ሂሳቡ ኪሳራ ሆኖበት ተመለሰ።

በዚያን ዘመን የመጡት መሣሪያዎች በቋንቋችን ላይ አሻራቸውን ትተዋል። ስናድር፣ ምንሽር፣ ውጅግራ እንላለን። ውጅግራ «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ስም የተወለደ ነው። ይህ ጠመንጃ የሚጎርሰው አንድ ጥይት ብቻ ስለነበር፣ ተኳሹ ሁለተኛውን እስኪያጎርስ ድረስ ጥቂት ትንፋሽ የሚወስድበት፣ ምናልባትም የሚያስብበት ቅጽበት ነበረው። የክላሽ ካዝና ግን 30 ጥይት ይይዛል፤ ለማሰቢያ የሚተርፍ ቅጽበት የለውም።

ከሁሉ በላይ ግን እኔን የሳበኝ አንድ ቃል ነው። ከመንግሥት ግምጃ ቤት ጠመንጃ ተሰጥቶት የሚያገለግለው የጥንቱ ወታደር «ጠመንጃ ያዥ» ይባል ነበር። ባለጠመንጃ አይደለም፤ ያዥ ነው። የእኔም ሙያ በአማርኛ «ገንዘብ ያዥ» ይባላል። ያዥ የሚይዘው የሌላውን ነው፤ በተጠየቀ ጊዜ ያስረክባል፤ የጎደለውን ይተካል፤ ስሙ በመዝገብ ላይ ነው። ያ ዘመን ቅዱስ ነበር ማለቴ አይደለም። ጠመንጃ ያዡ ባላገሩ ቤት ሰፍሮ ሲበላ፣ ሊጠይቀው የሚችለው ንጉሥ ሩቅ ነበርና። ቃሉ ግን እውነቱን ይዞ ቆይቶናል።

በ1928 ዓ.ም መንግሥት ሲፈርስና ጣሊያን አገሪቱን ሲይዝ፣ ጠመንጃውን ያላስረከበ ባላገር ጫካ ገባ፤ እነ አበበ አረጋይ በሸዋ ተራሮች 5 ዓመት ተዋጉ። በዚያው ጫካ ውስጥ ሽፍታም ነበረ። አርበኛውን ከሽፍታው የለየው መሣሪያው አልነበረም፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ምንሽር አንግበው ነበር። የለያቸው በማን ላይ እንደተኮሱ፣ የድሃውንም እህል እንዴት እንደበሉ ነው።

ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ ብዕር ይከብዳል። በመጋቢት 2011 መጨረሻ በከሚሴ፣ በአጣዬ፣ በካራቆሬና በማጀቴ አካባቢ ደም ፈሰሰ። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዳግመኛ ሆነ፤ የአጣዬ ከተማ ተቃጥላ ነዋሪዋ ተሰደደ። በጥር 2015 በጅሌ ጥሙጋና በኤፍራታና ግድም ሦስተኛው ተደገመ። በሁለቱም ወገን ሰላማዊ ሰዎች ሞቱ፤ በሁለቱም ወገን ቤት ተቃጠለ። ከሁለቱም ወገን ያነጋገርኳቸው ሰዎች ቃል አንድ ነው፦ «ራሳችንን ተከላከልን።» ብዙዎቹም ከልባቸው ነው የሚናገሩት። አንዱ ለመከላከል የገዛው ጠመንጃ ለጎረቤቱ የማጥቃት ምልክት ይሆንበታል፤ ጎረቤቱም በተራው ሊከላከል ይገዛል።

አጎቴን እንደ ጦረኛ የምትቆጥሩ ካላችሁ ግን ቆም በሉ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ከሚሴ ሲደርስ፣ የአዲስ አበባ አስተዳደር ራሱ በጥቅምት 23 ቀን ነዋሪዎች መሣሪያቸውን በ2 ቀናት ውስጥ አስመዝግበው አካባቢያቸውን እንዲጠብቁ ጠርቷል። መንግሥት ዜጋውን መጠበቅ ሲያቅተው፣ ዜጋው እጁን አጣጥፎ ይሙት የሚል ሕግ የለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል። ነገር ግን በልክ ነው፦ ጥቃቱ ከሕግ ውጭ የሆነ፣ የደረሰ ወይም በቅርብ የሚደርስ፣ በሌላ መንገድም የማይመለስ ሊሆን ይገባል፤ መከላከሉም ከአስፈላጊው አይለፍ ይላል። ከልክ ስላለፈው አንቀጽ 79 ይናገራል። «ካፈርኩ አይመልሰኝ» ማለት እዚህ ቦታ የለውም፤ የሸሸውን አሳዶ መምታት መከላከል አይደለምና። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ም መሣሪያ የሚይዝ ሰው ፈቃድና ምዝገባ እንዲኖረው ያዛል። በሌላ አነጋገር፣ ያዥነትን መልሶ ሊያቋቁም ይሻል።

ከአዋጁ በፊትም የእኛ አገር ሰው ይህን ያውቅ ነበር። በዚሁ ዞን በጅሌ ጥሙጋ ወረዳ፣ ጥሩ ሲና በተባለው ስፍራ የሚሰየም «የሼኮች ችሎት» አለ፤ ምሁሯ ሜሮን ዘለቀም አጥንተውታል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ነገሩን ይዞ ይሄዳል። የነፍስ ጉዳይ ሲሆን መጀመሪያ የሚፈለገው እውነቱ ነው፤ ካሳውና ዕርቁ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ገዳይ ካልታወቀ ደም አይደርቅም። የጎበዝ ጀግንነት ከመተኮሱ ይልቅ «እኔ ነኝ» ብሎ በሽማግሌ ፊት መቆሙ ላይ ነው። በሌሊት፣ በጅምላ፣ በ«እኛ» ስም የተተኮሰ ጥይት ግን ባለቤት የለውም። ባለቤት የሌለውን ጥይት ማን ያስታርቃል?

ስለዚህ አጎቴ በቀጣዩ ጉዟቸው ሲመጡ መልሴን አዘጋጅቼ ጠበቅኳቸው። የዘቦቹን ርክክብ፣ የካዝናውን ሁለት ቁልፍ፣ የያዥነትን ነገር ሁሉ አወራሁላቸው። በመጨረሻም፣ «አጎቴ፣ እኔ ጠመንጃ ብገዛ ጥይቱን ማን ይቆጥርልኛል?» አልኳቸው።

ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «የሚቆጥርማ ቢኖር፣ መች ግዛ እልህ ነበር?» አሉኝ።

ጠመንጃውን እስካሁን አልገዛሁም። የአጎቴንም ጥያቄ እስካሁን አልመለስኩም። ይልቁንስ በነዚህ ስንኞች ልሰናበት፦

ለብሩ መዝገብ አለ፣ ለሳንቲሙ ፊርማ፤
ጥይት ሲጎድል ግን፣ ጠያቂ አልተሰማ።
ሠላሳ ጎራርሶ፣ ካዝናህ ሞልቶልሃል፤
አንድ ነፍስ ቢጎድል፣ ማን ይቆጥርልሃል?
ያዥ ነኝ ያልክ ወንድሜ፣ እስቲ ልጠይቅህ፣
እርሱን ነው የያዝከው፣ ወይስ እርሱ ያዘህ?

ቸር ይግጠመን።