ሼሉ ከሩቅ ሲጠራ

ሰርቨሩ ላይ ገብተው ሲያዙት ያለችግር የሚሠራ ፕሮግራም፣ ያንኑ ትእዛዝ ከላፕቶፕ በኤስኤስኤች በአንድ መስመር ሲልኩት «አልተገኘም» ይላል። ብዙዎች ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ያሳብባሉ። ሰበቡ ግን ከ40 ዓመት በላይ የቆየ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1979 ከቤል ላብስ በወጣው ሰባተኛው ዩኒክስ፣ የስቲቭ ቦርን ሼል «ፕሮፋይል» የምትባለውን ፋይል የሚያነበው ተጠቃሚው ሲገባ ብቻ ነበር። በርክሌይ የነበረው ቢል ጆይ በሲ ሼሉ ሌላ መንገድ መረጠ፤ «ሎግኢን» ሲገቡ ብቻ፣ «ሲኤስኤችአርሲ» ግን ሼሉ በተነሣ ቁጥር ትነበባለች። ልዩነቱ ጎልቶ የወጣው በ1983 ሲሆን፣ ያኔ 4.2 ቢኤስዲ አርሎግኢንንና አርኤስኤችን ይዞ መጣ። አርሎግኢን እንደ ማንኛውም ተርሚናል ያስገባል። አርኤስኤች አንዲት ትእዛዝ አስፈጽሞ ይወጣል፤ እንደ መግባት ስለማይቆጠር የቦርን ሼል ፕሮፋይልን ሳይነካ ያልፋል፣ እዚያ የተጻፈው የፕሮግራሞች አድራሻም ሳይታወቅ ይቀራል። የሲ ሼል ተጠቃሚ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነበር።

ብራያን ፎክስ በ1989 ለጂኤንዩ ያወጣው ባሽ ሲገቡ «ባሽ ፕሮፋይል»ን፣ ከገቡ በኋላ ሌላ ሼል ሲከፍቱ «ባሽአርሲ»ን ያነባል። በዚህ ደንብ ከሩቅ ለተላከች ትእዛዝ አንዱም ባልተነበበ ነበር። ስለዚህ ለየት ያለ ደንብ ተበጀለት፦ ግብዓቱ ከኔትወርክ የሚመጣ ከመሰለው ባሽአርሲን ያነባል። ቅን ሐሳብ ነው፤ ግን ግምት ነው።

በ1995 በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃሎች ከተሰረቁ በኋላ ታቱ ዩሎነን ኤስኤስኤችን ጻፈ፤ አርኤስኤችም ቀስ በቀስ ቦታውን ለቀቀ። በኤስኤስኤች ግን ግብዓቱ በፓይፕ ሲመጣ የባሽ ግምት ይስታል። ለዚህም ሲገነባ የኤስኤስኤችን ምልክት እንዲፈልግ የሚያደርግ አማራጭ ተጨመረለት፤ ዴቢያን ተጠቅሞበታል።

ነገሩ እዚያ አላበቃም። የዴቢያንና የኡቡንቱ ባሽአርሲ ገና ከመጀመሪያው ሼሉ ከሰው ጋር የሚነጋገር መሆኑን ያጣራል፤ ካልሆነ ንባቡ እዚያው ይቆማል። ከዚያ መስመር በታች የተጨመረ አድራሻ ከሩቅ ለተላከች ትእዛዝ አይደርስም።

ጥበቃው ግን ተገቢ ነው። አንድ ሰው ከዚያ መስመር በላይ «ሰላም» የሚል ሰላምታ ቢያስጽፍ፣ በኤስኤስኤች ፋይል የሚያስተላልፈው ኤስኤፍቲፒ የቃሉን የመጀመሪያ አራት ባይቶች እንደ መልእክት ርዝመት ይቆጥራቸዋል። በዩቲኤፍ-8 እነዚያ ባይቶች 3783831777 ይሆናሉ። ፕሮግራሙ የሚቀበለው እስከ 262144 ባይት ስለሆነ መልእክቱ ከመጠን በላይ ረዝሟል ብሎ ይዘጋል። በኤፕሪል 2022 ከወጣው ኦፕንኤስኤስኤች 9.0 ወዲህ ኤስሲፒም በኤስኤፍቲፒ ስለሚሠራ፣ አንዲት ፋይል ሊገለብጥ የተነሣ ሰውም ይኸው ቁጥር ፊቱ ይደቀንበታል።