በአንድ ማኅተም ብዙ ደጅ ስለ መክፈት

ከላስታ ደጋ በስተደቡብ በተዘረጋው በዋድላ አምባ ላይ የምትገኘው ኮን ዛሬ የወረዳ ከተማ ናት፤ አገሩ ግን በሊቃውንት ዘንድ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር አብሮ በሚነሣው በቅኔ ቤቱ፥ በታሪክ ጸሐፍት ዘንድ ደግሞ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ባስጠረጉት መንገድ ይታወቃል። ለዚያ ዘመን መከራ ከነበሩት ምክንያቶች አንዱ መልስ ያጣ ደብዳቤ ነበረ።

ንጉሠ ነገሥቱ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው በቆንስል ካሜሮን በኩል የሰደዱት ደብዳቤ ለንደን ከደረሰ በኋላ መልስ ሳይሰጠው ስለ ቆየ ቆንስሉ ታሰረ፤ የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም በ1858 ዓ.ም. የንግሥቲቱን መልስ ይዞ ቢመጣም የንጉሡ ቍጣ አልበረደምና፥ በመጨረሻ የጄኔራል ናፒየር ጦር በላስታ አልፎ፥ ዋድላን ተሻግሮ፥ ከቤተ ሖር ጀምሮ የቴዎድሮስን መንገድ ተከትሎ መቅደላ ደረሰ፤ ንጉሡም በፋሲካ ማግሥት፥ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሕይወታቸው አለፈ። ጠቡ የተነሣው የደብዳቤው ባለቤት ተጠርጥሮ አልነበረም፤ ማኅተም የላኪውን ማንነት ቢመሰክርም ተቀባዩን መልስ እንዲሰጥ ሊያስገድደው አይችልምና።

በቀድሞው ሥርዐት የንጉሥ ደብዳቤ የሚታመነው በእጅ ፊርማ ሳይሆን በራስጌው ባረፈው ማኅተም ነበር። ሩቅ አገር ያለው ሹም የጸሐፊውን እጅ ባያውቅ፥ የመልእክተኛውንም ፊት አይቶ ባያውቅ፥ «ሞአ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለውን ሲያይ ትእዛዙን ይቀበላል፤ መልእክተኛው የማኅተሙን አሻራ ይዞ ይሄዳል እንጂ ማኅተሙን ራሱን አይዝም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ማኅተም የመጠበቁ ሥራ የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ሆነ። የዘመን ቈጠራውም እንደዚሁ ከአንድ ምንጭ ይቀዳ ነበር፤ አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ሠላሳ በሚሆኑበት በባሕረ ሐሳብ የጾምና የበዓል ቀን በዐውደ ዓመት ይታወጃል፥ የላስታውም የሸዋውም ደብር በዚያው ያድራል።

ዛሬ መልእክቱ ኢሜይል፥ የበዓሉና የቀጠሮው መዝገብ ካላንደር ሆኖ በስልክና በኮምፒውተር ገብቷል፤ የማኅተሙንም ቦታ የማንነት ማረጋገጫ ሥርዐት ይዟል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኤምአይቲ በተባለው ተቋም የተሠራው ኬርቤሮስ የተባለ ሥርዐት፥ ሰው የይለፍ ቃሉን ለየአገልግሎቱ ሳይገልጥ አንድ ጊዜ ብቻ ታውቆ በጊዜ የተወሰነ ምስክር ይዞ እንዲዘዋወር አደረገ፤ ለኢንተርኔት የወጡት ደንቦች ኦአውዝ 2 በ2012፥ ኦፕን አይዲ ኮኔክት በ2014 እ.ኤ.አ. ተከተሉ። በኮን ጽሕፈት ቤት ያለ ሠራተኛ አውትሉክን ወይም ታንደርበርድን የመሰለ የኢሜይል መተግበሪያ አዘጋጅቶ አድራሻውን ቢጽፍ፥ መተግበሪያው ወደ አካውንቱ አቅራቢ ድርጅት ገጽ ይመራዋል፤ የይለፍ ቃሉንና በስልኩ የመጣውን ቍጥር የሚያስገባው በዚያ ነው፤ መተግበሪያው የሚቀበለው ቶክን የተባለውን የተፈረመ ምስክር ብቻ ሲሆን፥ በዚያው ቶክን ኢሜይሉንም ካላንደሩንም ይከፍታል። ማይክሮሶፍት ከመስከረም 2015 ዓ.ም. ወዲህ በድርጅቶች የኢሜይል አገልግሎቱ ላይ መተግበሪያ የይለፍ ቃልን በቀጥታ የሚያቀርብበትን የቀድሞውን አገባብ መዝጋት የጀመረው፥ በየመሣሪያው የተበተነ የይለፍ ቃል በቀላሉ ስለሚሰረቅ ነው። በአገራችንም በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 1284 የተመሠረተው ፋይዳ፥ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ታውቆ በብዙ ተቋማት እንዲታመን የታሰበ ነው።

ነገር ግን ብዙ ደጅ በአንድ ማኅተም ሲከፈት፥ ማኅተሙ በማን እጅ እንዳለ መጠየቅ ግዴታ ይሆናል። ዐፄ ምኒልክ ታመው እቴጌ ጣይቱ በስማቸው ሲያዙ፥ መኳንንቱ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. እቴጌይቱን ከመንግሥት ሥራ እስኪያርቁ ድረስ የቤተ መንግሥቱ ክርክር የሥልጣንና የማኅተም ክርክር ሆኖ ነበር። ስለዚህ መሥሪያ ቤቶቻችን አንድ ጊዜ ታውቆ ብዙ ደጅ የመክፈቱን አሠራር ሲያስገቡ አስተዳዳሪው ማን እንደ ሆነ በጽሑፍ ይወስኑ፥ ሁለተኛውን ማረጋገጫ ግዴታ ያድርጉ፥ ከሥራ የለቀቀውን ሰው አካውንት በዚያው ቀን ይዝጉ፤ ማኅተም ጠባቂ የሌለው ማኅተም ለባለቤቱም ለወንበዴውም እኩል ያገለግላልና።