ወረርሽኝ ሲታወጅ የሚታወቀውና የማይታወቀው

የዓለም ጤና ድርጅት የወረርሽኝ አዋጅ የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ ስለ በሽታው በቂ መረጃ ሳይኖረው ነው። ጥናቱ እስኪጠናቀቅ ከጠበቀ ቫይረሱ ይቀድመዋል፤ ከቸኮለ ደግሞ ዓለምን አሸበረ ይባላል። ድርጅቱ በ11 ዓመታት ልዩነት ሁለቱንም ወቀሳ ቀምሷል።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2009 ስለ አሳማ ኢንፍሉዌንዛ (ኤች1ኤን1) ከሜክሲኮ የተሰማው ዜና አስደንጋጭ ነበር። ወጣቶች በሳንባ ምች እየሞቱ ነው ተባለ። ችግሩ ስሌቱ ላይ ነው። በወረርሽኝ መጀመሪያ የሚቆጠሩት ሆስፒታል የደረሱ ጽኑ ሕሙማን እንጂ ቤታቸው ተኝተው የዳኑት አይደሉም። በመሆኑም የሟቾች ቁጥር ለጥቂት ታማሚዎች ሲካፈል በሽታው ከእውነታው ይልቅ ገዳይ መስሎ ይታያል።

ድርጅቱ ጁን 11 ቀን 2009 ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መከሰቱን ሲያውጅ መስፈርቱ ስርጭቱ እንጂ ገዳይነቱ አልነበረም። ሕዝብ ግን «ወረርሽኝ» ሲባል የሚታየው እልቂት ነው። አንዳንድ የአውሮፓ መንግሥታት ከክትባት አምራቾች ጋር አስቀድመው የገቧቸው ውሎች የሚጸኑትም ይኸው አዋጅ ሲወጣ ነበር። ፈረንሳይ 94 ሚሊዮን ዶዝ አዘዘች፤ የተከተበው ግን ከሕዝቧ ከ10 በመቶ በታች ነው። በሽታው ለአብዛኛው ሰው ቀላል ሆኖ ሲገኝ የአውሮፓ ካውንስል የፓርላማ ጉባዔ በ2010 ድርጅቱን አጥብቆ ተቸ። በወቅቱ በላቦራቶሪ የተረጋገጠው ሞት 18,500 ገደማ ነበር። በ2012 የወጣ የተመራማሪዎች ግምት ግን ቁጥሩን ወደ 284,500 አደረሰው። ትችቱ ከመረጃው ቀድሞ ነበር ማለት ነው።

ኮቪድ-19 ሲመጣ ጥያቄው ተገለበጠ። ጃንዋሪ 22 እና 23 ቀን 2020 የተሰበሰበው የድርጅቱ የአስቸኳይ ጊዜ ኮሚቴ ለሁለት ተከፈለ። የተመዘገቡት 584 ሕሙማንና 17 ሟቾች ሲሆኑ፣ ሟቾቹ በሙሉ በቻይና ነበሩ። ዋና ዳይሬክተሩ ዶ/ር ቴድሮስ አድኃኖም በቻይና አስቸኳይ ሁኔታ ቢኖርም ለዓለም ገና ነው አሉ። ከሳምንት በኋላ ጃንዋሪ 30 ቀን፣ ከቻይና ውጪ በ18 አገሮች 98 ሕሙማን ተገኝተው አዋጁ ወጣ።

ኮሚቴው በዚያው ሰሞን አንድ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ዓለም አቀፉ የጤና ደንብ ከ«አዎ» እና «አይደለም» ሌላ ምርጫ ስለሌለው መካከለኛ የማስጠንቀቂያ እርከን ይታሰብበት የሚል ነው። ደንቡ በ2024 ተሻሽሎ ከሴፕቴምበር 19 ቀን 2025 ጀምሮ ባልተቃወሙት አገሮች ላይ ጸንቷል። የተጨመረው «የወረርሽኝ አስቸኳይ ሁኔታ» የተባለው እርከን ግን ከነባሩ አዋጅ በላይ የሚቀመጥ ነው። ከበታቹ፣ መረጃው ገና ባልጠራበት ሰዓት የሚያገለግል እርከን አልገባም።